ገና፦ ያልተደለደለ መሬት ላይ የሚካሄድ የዱላና የሩር ግጥሚያ

ገና በልደት በዓል ከሰዓት በኋላ ሁለት ቡድኖች ጫፉ በቆለመመ ዱላ አንዲት ድቡልቡል ኳስ እየለጉ ወደ ተጋጣሚያቸው ወሰን ለማሳለፍ የሚታገሉበት ጥንታዊ የሜዳ ጨዋታ ነው። በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ዱላውም በአንድ ስም ሲጠሩ ኳሷ ግን ሩር፣ በአንዳንድ ስፍራም ጥንግ ትባላለች። ኳስን በዱላ መምታት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ ገናን ከዛሬዎቹ የሜዳ ስፖርቶች የሚለየው ዋናው ጠባይ መሬቱ ለጨዋታው ተብሎ አለመሠራቱ ነው፤ ተጫዋቹ ከሰው ጋር የሚታገለውን ያህል ከዳገቱ፣ ከድንጋዩና ከቦረቦሩ ጋርም ይታገላል።

የዚህን ጠባይ ክብደት ለመረዳት በሰሜን ወሎ የሲሪንቃን አካባቢ አቀማመጥ ማየት ይበቃል። በመርሳና በወልድያ መካከል፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኘው ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ያረፈች ስትሆን፣ በምዕራብ በኩል የወሎ ደጋ ተራሮች ሽቅብ ይቆሙባታል፣ በምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች በክረምት አፈሩን እየሸረሸሩ ስለሚያልፉ ሸለቆው በጎርፍ መውረጃ የተቆራረጠ ነው። የአካባቢው ዋና እህል ማሽላ ነው፤ በስሟ የሚጠራው የግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ምርምሩ ይታወቃል። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲነሣ መሬቱ ከሰብል ይለቀቃል፤ ልደት ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላልና፣ ጨዋታው ማሳው ባዶ፣ ገበሬውም ከአጨዳ ዕረፍት ባገኘበት ወቅት ይመጣል። የግጦሽ ሜዳ በጠበበበት ሥፍራ አጨዳ ያለፈበት ማሳ ለጨዋታ ይተርፋል፤ ነገር ግን ከአጨዳ የቀረው የአገዳ ጉቶ ጠንካራ ስለሆነ መሬት ለመሬት የምትሄደውን ሩር አቅጣጫ ያስታል፣ ቁልቁል በኃይል የተለጋችውም ከቦረቦር ገብታ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ እንዲህ ባለው መሬት ላይ ብልህ ተጫዋች ሩሯን ከመምታቱ አስቀድሞ የት እንደምትነጥር ይገምታል፣ ሩጫውንም ወደዚያው ያደርጋል።

መሣሪያው ቀላል ቢመስልም ምርጫ ይጠይቃል። ዱላው እንደ ወይራ ካለ የማይሰነጠቅ እንጨት የሚቆረጥ ሆኖ፣ ጫፉ ሲበቅል ጀምሮ የጎበጠ ወይም እርጥቡ በእሳት ተለብልቦ የተቆለመመ መሆን አለበት፤ ቁልማሜው ከሰፋ ሩሯን ለመንጠቅ፣ ከጠበበ ደግሞ አርቆ ለመልጋት ያመቻል። ሩሯ ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተሠርታ የምትዘጋጅ ናት፤ የእንጨቷ ከአጠገብ ከተለጋች አጥንት ልትሰብር ትችላለች።

በባህላዊው አጨዋወት የተጫዋች ቁጥርም ሆነ የሜዳ ስፋት አይወሰንም። ብዙ ጊዜ የላይኛው ሰፈር ከታችኛው፣ ያገባው ካላገባው ይገጥማል፤ ወሰኑም በዛፍ፣ በጅረት ወይም በድንጋይ ክምር ይለያል። በትውፊት እንደሚነገረው ጨዋታው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በትራቸውን ይዘው ከተጫወቱት የወረደ ነው። በበዓሉ ዕለት ጌታና አሽከር፣ ሽማግሌና ጎረምሳ እኩል ሆነው ይገጥማሉ፤ የተመታውም ቂም አይዝም፣ ካሣ አይጠይቅም። ጨዋታው ሲያበቃ አሸናፊዎቹ ተሸናፊዎቹን በግጥም እየነቀፉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ የሚበላና የሚጠጣም ይቀርብላቸዋል። ይህ ለአንድ ቀን የተፈቀደ እኩልነት ከጨዋታው ገጽታዎች ሁሉ የላቀው ነው።

ገና ብዙውን ጊዜ ከሆኪ ጋር ይነጻጸራል፤ ሆኪ ግን በ91.4 ሜትር ርዝመትና በ55 ሜትር ስፋት በተደለደለ ሜዳ ላይ በ11 ተጫዋቾች የሚካሄድ ስለሆነ፣ ከመሬት ጋር በሚደረገው ትግል ገናን የሚቀርበው ጎልፍ ነው። ጎልፍ ተጫዋቹ ከ45.93 ግራም የማትበልጥ ትንሽ ኳስ በተለያዩ ዱላዎች እየመታ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ በጥቂት ምት ለማስገባት የሚጥርበት ጨዋታ ሲሆን፣ ሙሉው ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ ያዘናጋል ብሎ የከለከለው ይህ ጨዋታ የተወለደው በባሕር ዳር ባለ አሸዋማ የግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ ጉብታውንና ጉድጓዱን የሠራውም ነፋስና በግ እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ኋላ ሜዳው በመሐንዲስ ሲሠራም አስቸጋሪነቱ ሆን ተብሎ ተጠብቋል፤ ለምሳሌ በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት በኮኦላው ተራሮች ሥር፣ ጥቅጥቅ ባለ ደንና በገደል መካከል የተሠራው ሜዳ በአሜሪካ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ጎልፍ ከጥቂቶች እጅ አልወጣም፤ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ለዚህ ምሳሌ ነው። ገና በአንጻሩ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ዱላውም ከጓሮ ይቆረጣል።

ዛሬ ገና በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ተመዝግቦ፣ የተጫዋች ቁጥርና የሜዳ ልክ ተወስኖለት፣ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በአገር አቀፍ ውድድር ይካሄዳል፤ በአዲስ አበባም ጃንሜዳ በበዓሉ ዕለት ያስተናግደዋል። ደንቡ ጉዳትን ስለሚቀንስና ክልሎችን ለማወዳደር ስለሚያስችል የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ ወጣት መሬትን የማንበብ ጥበብ አይማርም፣ ያ ጥበብም የገና ግማሽ አካሉ ነው። በላሊበላ የልደት በዓል በዓለም ዘንድ በታወቀበት በሰሜን ወሎ፣ የበዓሉ ጨዋታም የዚያኑ ያህል ሊታሰብለት ይገባል። ወልድያ ትልቅ ስታዲየም አላት፤ ለገና ግን ከስታዲየም ይልቅ የሚያስፈልገው በየቀበሌው ሳይታረስና ሳይሸነሸን የሚቀር የጋራ ሜዳ ስለሆነ፣ የሐብሩና የአጎራባች ወረዳዎች አስተዳደሮች ይህን መሬት ይከልሉ፣ ትምህርት ቤቶችም በታኅሣሥ ወር ዱላ አቆራረጡንና አለጋጉን ከሚያውቁት አባቶች ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ።