ላፕቶፕ ከመቀየራችን በፊት፦ የምናቀናብረው ቪዲዮ ለምን ይቆራረጣል?

አቃቂ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ የኒካህ፣ የኢድ ወይም የመድረሳ ምርቃት ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወንድሞችና እህቶች ምሬታቸው ተመሳሳይ ነው። አረንጓዴውን ጀርባ አውጥተው፣ ጽሑፍና ብርሃን ደራርበው ሲያጫውቱት ምስሉ ይቆራረጣል። ያኔ መጀመሪያ የሚታሰበው ውድ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። እኛ ግን ብር ከመውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ይታወቅ እንላለን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም በ16 ቢት ሲሠራ 16.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስናሰላው 10 ሰከንድ ብቻ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ይፈልጋል። አፍተር ኢፌክትስ ደግሞ ፍሬሞቹን አስቀድሞ ሠርቶ ካስቀመጠ በኋላ ነው በትክክለኛ ፍጥነት የሚያሳየን። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለውና ብሮውዘርም ከተከፈተ ለቪዲዮው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ወደ 8 ቢት መመለስ ሸክሙን በግማሽ ይቀንሳል። የማሳያውን ጥራት ወደ ግማሽ ማውረድ ደግሞ ፒክስሉን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ የመጨረሻውን ፋይል አይነካም። የፀጉርና የሒጃብ ጠርዝ ሲመረመር ብቻ ወደ ሙሉ መመለስ ነው።

ሌላው ጣጣ የስልክ ቪዲዮ ነው። በኤች.264 ሲቀረጽ አብዛኞቹ ፍሬሞች የሚቀመጡት ከሌሎች ፍሬሞች የሚለዩበት ብቻ ተመዝግቦ ነው። መሐል ላይ ያለችውን አንዷን ለማየት ሶፍትዌሩ ሌሎቹንም መፍታት አለበት። ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ነው። ፋይሉ በጣም ይገዝፋል፣ ሥራው ግን ይቀላል። ቦታ ለሌለው፣ አነስ ያለ ፕሮክሲ ሠርቶ በሱ ማቀናበር ይበቃል።

የሚገዛ ነገር ካለ እኛ የምናስቀድመው ራምና ኤስኤስዲ ነው። የሶፍትዌሩ ካሽ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲዛወር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የመብራቱን ነገር አንርሳ። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ያለቀውን ክፍል፣ ለምሳሌ የጀርባ ማውጣቱን፣ ለብቻው ሬንደር አድርጎ በምስል ተከታታይ ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ የቪዲዮ ፋይል መሐል ላይ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ በምስል ተከታታይ ግን 600 ፍሬም ከወጣ ያ 600 ዲስክ ላይ አለ፣ ሬንደሩም ከ601ኛው ይቀጥላል።