ሞተር ያለው ሁሉ ሞተሩን ያውቃል?

ኢምፔሪያል አካባቢ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሞተር ሳይክላቸውን ጥላ ሥር አቁመው የምግብና የዕቃ ትዕዛዝ የሚጠባበቁ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። አንዱን ቀርቦ «ሞተርህ ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ ፈጣን ነው፤ «መቶ ሃምሳ»። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ፣ ካንዴላው ሲፈታ ምን መልክ እንዳለው ሲጠየቅ ግን መልሱ ይዘገያል። ብዙውን ጊዜም «እሱን ጋራዡ ያውቃል» በሚል ይዘጋል።

ለዚህ የከተማው አነጋገርም ሳያግዝ አልቀረም። «ሞተር» ሲባል ባለሁለት ጎማው ተሽከርካሪም ነው፣ በውስጡ ያለው ጉልበት ሰጪ ክፍልም ነው። በመሆኑም ሞተር የገዛ ሰው ሞተሩንም ያወቀ ይመስለዋል። ገበያው ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይቀየራል፣ ጎማ ይገዛል፤ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ዋጋው የሚወጣውና የሚወርደው በዋነኛነት በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ነው። ይህንን የማያውቅ ባለቤት በነዳጅ፣ በጥገናና በመጨረሻም በሽያጭ ሦስት ጊዜ ይከፍላል።

ስሙና ቁጥሩ

በአዲስ አበባ ከሚታወቁት መካከል «ቦክሰር 150» አንዱ ነው። ሠሪው ባለሦስት እግሩን «ባጃጅ» የሚሠራው የሕንድ ኩባንያ ነው። «150» የሚለው ቁጥር የንግድ ስም እንጂ ትክክለኛው ልክ አይደለም፤ የሲሊንደሩ መጠን 144.8 ሲሲ ነው። «አፓቼ 180» የሚባለው የቲቪኤስ ምርትም 177.4 ሲሲ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ፒስተንና የፒስተን ፋሻ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ለሚወርድ ሰው ትርጉም አለው። ዕቃው የሚገጥመው ታንከሩ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ሳይሆን ከትክክለኛው ሞዴል ጋር ነውና።

ከመጠኑ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ሞተሩ ባለሁለት ምት ነው ወይስ ባለአራት ምት የሚለው ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት የቆዩ ባለሁለት ምት ሞተሮች ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብረው ያቃጥላሉ። ስለዚህ መጠነኛ ጭስ ማውጣታቸው ከአሠራራቸው የመጣ ነው። ቦክሰርን የመሰሉት ባለአራት ምት ሞተሮች ግን ዘይቱን የሚጠቀሙት ለማለስለስ ብቻ በመሆኑ ሰማያዊ ጭስ ካወጡ ዘይት እየበሉ ነው ማለት ነው። ያው ጭስ በአንዱ ባሕርይ፣ በሌላው በሽታ ነው።

የደጋው አየር ድርሻ

ቦክሰር 150 ከፋብሪካው ሲወጣ የተመዘገበለት ጉልበት 12 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህን ጉልበት ኢምፔሪያል ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚን ስለሚቀንስ 12 የተባለው ጉልበት ወደ 9 ገደማ ይወርዳል። ሁለት ሰውና ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የሚደክመውን ሞተር ሁሉ «ተበልቷል» ብሎ ማውረድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ችግሩ በጉልበት ብቻ አያበቃም። ካርቡራተር የሚያስገባው አየር ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ መቀነስ አይችልም። ለባሕር ጠለል አካባቢ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላና ከሚገባው በላይ የሚጠጣ ሞተር ነው። መፍትሔውም ሞተሩን መፍታት ሳይሆን የቤንዚን ማስተላለፊያዋን ትንሽ ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ መለወጥና ሚኒሞውን ማስተካከል ነው። የኢንጀክሽን ሞተሮች መጠኑን በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

አንድ ሊትር ዘይት

የመኪና ሞተር አራት ሊትር ያህል ዘይት ሲይዝ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው የሞተር ሳይክል ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ይህችው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። መኪና ላይ እነዚህ ለየብቻ ናቸው። የመኪና ዘይት ረክሶ ሲገኝ ወደ ሞተር ሳይክል መጨመር ኪሳራ የሚያመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰበቃን ለመቀነስ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተልም። ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀው ዘይት ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት አለው። ይህንን ምልክት ማንበብ መካኒክ መሆንን አይጠይቅም።

መቀየሪያ ጊዜውም የሚቆጠረው በወር ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የዕቃ አድራሽ ሞተር በወር 26 ቀን ቢወጣ በዓመት ከ31,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለቢሮ መመላለሻ የገዛው ሰው በስድስት ወር የሚደርስበትን ርቀት እሱ በጥቂት ሳምንታት ይጨርሰዋል። ሁለቱ በአንድ ቀን ዘይት ቀይረው በአንድ ቀን መልሰው የሚቀይሩ ከሆነ አንደኛው ሞተሩን እየበላው ነው።

በብር ሲሰላ

ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ አለመሆኑን ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ጤነኛ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ካርቡራተሩም ቤንዚን እያበዛ በሊትር 32 ኪሎ ሜትር ላይ ወረደ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራው ልዩነቱ 0.625 ሊትር ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የ91 ብር ከ14 ሳንቲም ዋጋ ሲታሰብ በቀን 57 ብር ገደማ፣ በወር ወደ 1,480 ብር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 17,770 ብር ይሆናል። የቤንዚን ዋጋ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም ተጨምሮበታል። በርካሽ ቤንዚን ዘመን ሳይታወቅ ያልፍ የነበረው ጥፋት ዛሬ ትርፍን የሚበላ ሆኗል።

የመለዋወጫውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚሰላው። ቀደም ሲል «ይሰበርና ይቀየራል» ይባል የነበረው አሠራር አሁን ያከስራል።

የሎሚ ገበያ

ባለቤቱ ሞተሩን አለማወቁ ከግል ኪሳራ አልፎ ገበያውን ራሱን ያበላሻል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። አሜሪካውያን ችግሩ ከተገዛ በኋላ የሚወጣን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ሻጭ የዕቃውን ጉድ ሲያውቅና ገዢ ሳያውቅ ሲቀር፣ ገዢ ሁሉንም በጥርጣሬ አይቶ አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከመሸጥ ይቆጠባል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው።

የአዲስ አበባ ያገለገለ ሞተር ገበያም ከዚህ የራቀ አይደለም። «ሞተሩ ወርዶ አያውቅም» የሚለው አባባል ከጤነኛውም ከታመመውም ጋር ይነገራል። ገዢው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ዘይቱን በጊዜው ሲቀይር የኖረው ባለቤትና ጨርሶ ያልነካው ባለቤት የሚቀርብላቸው ዋጋ ይቀራረባል። ጥሩ የያዘ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱም ማስረጃ ነው፤ ዘይት የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና የተገዛውን ዕቃ ደረሰኝ በአንድ ደብተር የያዘ ሻጭ ቃሉን ብቻ ከያዘው ሻጭ የተሻለ መደራደሪያ አለው። ደላላውም ቢሆን በደብተር የተደገፈ ሞተር ማቅረቡ ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል።

ከመክፈል በፊት

ገዢ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ መንካት ነው፤ ገዢ ከመድረሱ በፊት የሞቀ ሞተር በቀዝቃዛው አልነሳ የሚል ሊሆን ይችላል። ሲነሳ የጭሱን መልክ ማየት ይገባል፤ ሰማያዊው የዘይት፣ ጥቁሩ የቤንዚን ብዛት ምልክት ነው። በጠዋት ታይቶ ወዲያው የሚጠፋው ነጭ እርጥበት በመሆኑ አያስፈራም። የእግር መነሻው ሲረገጥ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወረደ ባልቦላው ወይም ፋሻው አልቆ ሊሆን ይችላል። ካንዴላው ሲፈታ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁር ጥቀርሻ ቤንዚን ማብዛትን፣ የዘይት እርጥበት የፋሻ ማለቅን፣ ነጣ ያለው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ይናገራል። ለሽያጭ ሲባል የተገጠመ አዲስ ካንዴላ ግን ምንም ስለማይናገር ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና መፍታት ያስፈልጋል። ጭስን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚጨመርበት ጊዜም ስላለ የዘይቱን ውፍረትና ቀለም ማየት አይከፋም።

ከሁሉም በላይ ሞተሩ ላይ የተቀረጸው የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ሞተሩ ተቀይሯል ወይም ከዚያ የከፋ ነገር አለ ማለት ነው፤ የስም ማዛወሩም ጉዳይ እዚያው ይቆማል።

የቆመ ሞተርም የራሱ ጣጣ አለው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከዝርፊያ ጋር በተያያዘ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድና በኋላም በምዝገባና በፈቃድ ሲያደርገው ፈቃድ ያላገኙት ከሥራ ውጪ ሆነው ነበር። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይረጋል፣ ታንከሩ ይዝጋል፣ ባትሪው ይሞታል። ስለዚህ «ብዙም አልተነዳም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም።

ቀጣዩ ዕውቀት

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ ካደረገ ወዲህ የገበያው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም በከተማው መንገዶች ላይ ይታያሉ። እነዚህ ካንዴላም፣ ፋሻም፣ የሚቀየር የሞተር ዘይትም የላቸውም። ይህ ማለት ግን ባለቤቱ ከማወቅ ተገላገለ ማለት አይደለም። ትልቁን የዋጋ ድርሻ የሚይዘው ባትሪ በመሆኑ የነገው ገዢ የሚጠይቀው «ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?» ብሎ ሳይሆን «ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቷል? አዲስ ሳለ ከሚይዘው ምን ያህሉን ይይዛል?» ብሎ ነው። የሞተርን ጤና ጆሮና ዓይን ሲለዩት የባትሪን ድካም ግን ከውጭ ማየት አይቻልም። ስለሆነም ሻጭ የሚያውቀውና ገዢ የማያውቀው ነገር ሊሰፋ የሚችለው ወደፊት ነው።

በቤንዚንም ሆነ በባትሪ ቢሄድ ለሥራ የተገዛ ሞተር ሳይክል ካፒታል ነው። ሱቅ የከፈተ ሰው መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ቆጥሮ ያድራል። ሞተር የገዛ ሰውም መቀመጫው ሥር ያለውን ማወቅ ይጠበቅበታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ቁልፉን ከመቀበል በፊት በካንዴላውና በሊብሬው ላይ የምትጠፋ ግማሽ ሰዓት ከኪሳራ ትርቃለች።