የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ውጤቱ በምን ይለካል?

የበጀት ዓመቱ ማብቂያ ሲቃረብ በየጤና ተቋሙ መዝገብ ይገለጣል፤ ቁጥርም ይደመራል። ስንት እናቶች መጡ? ስንት መርፌ ተሰጠ? ስንት ጥቅል እንክብል ታደለ? እነዚህ ጥያቄዎች ጠቃሚ ናቸው፤ መድኃኒት የሚታዘዘውና ባለሙያ የሚመደበው በእነርሱ ነውና። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። አገልግሎቱን የወሰዱት ባልና ሚስት የፈለጉትን አገኙን?

በዚህ ጽሑፍ በ«ሥራ» እና በ«ውጤት» መካከል ስላለው ልዩነት እናብራራለን።

ክብደትና ጣዕም

ለቦሳ አዲስም ሆነ ለአጋሮ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ነጋዴ መቶ ኩንታል ቡና ጫንኩ ቢል የነገረን ክብደቱን ብቻ ነው። ጥራቱ የሚታወቀው ናሙናው ተቆልቶና ተፈልቶ ሲቀመስ ነው። የጤና አገልግሎትም እንደዚሁ ነው። የመርፌው ብዛት የጭነቱ ክብደት ነው። የእናቲቱ ጤንነት፣ ልጅ በፈለጉበት ጊዜ መውለድ፣ ባልፈለጉበት ጊዜ አለመፀነስ ደግሞ ጣዕሙ ነው።

ማይክል ፖርተርና ኤልዛቤት ቲስበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ አስፍተውታል። የሕክምና ፋይዳ የሚመዘነው ታካሚው ያገኘው የጤና ውጤት ለዚያ ከወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ነው ይላሉ። ወጪ ሲባል ደግሞ የመድኃኒት ዋጋ ብቻ አይደለም። ከሰርቦ ወይም ከሊሙ ገነት ለመምጣት የሚከፈለው የመኪና ሒሳብና በወረፋ የሚያልፈው የሥራ ቀንም ወጪ ነው።

መዝገቡ የሚናገረውና የማይናገረው

የቤተሰብ ምጣኔ ድርጅቶች ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ አንድ ጥንድ ለአንድ ዓመት ከእርግዝና የሚጠበቅበትን መጠን ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተሻሻለው ስሌት መሠረት 15 ጥቅል እንክብል፣ 4 የሦስት ወር መርፌ ወይም 120 ኮንዶም እንደ አንድ ዓመት ጥበቃ ይቆጠራል። ለ3 ዓመት ተብሎ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ደግሞ 2 ዓመት ከመንፈቅ ይቆጠርለታል። ከ3 ዓመት ያነሰው አንዳንድ ሴቶች ቀደም ብለው እንደሚያስወጡት ታስቦ ነው።

ስሌቱ ለጠቅላላ ዕቅድ ይጠቅማል፤ ስለ አንዲት ሴት ግን አይናገርም። በክንዷ የተቀበረው መከላከያ ደም አብዝቶባት በሦስተኛው ወር ብታስወጣውም፣ ተስማምቷት ሦስቱን ዓመት ብትጨርስም፣ በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። በየቤታቸው ግን እኩል አይደሉም።

ቁጥር ብቻ ሲፈለግ

ቁጥር ብቻውን ግብ ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት ሕንድ አይታዋለች። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977፣ ለየሹሙ ኮታ ተሰጥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቀዶ ሕክምና እንዲመክኑ ተደረገ። ብዙዎቹ ተገድደው ነበር። በሪፖርት ላይ ታላቅ ሥራ ይመስል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የነበረው እምነት ለረጅም ጊዜ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1994 ካይሮ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብ ጉባኤ ቅድሚያ ለሰዎች ምርጫና ለአገልግሎቱ ጥራት እንዲሰጥ አሳሰበ። ሕንድም በ1996 ኮታውን አነሳች።

በአገራችንስ?

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ባወጣችው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፣ 4 በመቶ የነበረውን የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚነት እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቅዳ ነበር። በየጊዜው የተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ካገቡ ሴቶች መካከል ተጠቃሚዎቹ በ1992 ዓ.ም. 8 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 36 በመቶ ነበሩ። በእነዚሁ ሁለት ጥናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ100,000 ሕይወት ያላቸው ወሊዶች ከ871 ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ይህ የቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በጤና ተቋም መውለድና የመሳሰሉት ሁሉ ድርሻ አላቸው።

የ2008ቱ ጥናት ሌላም ነገር ገልጿል። መከላከያ ከጀመሩት ውስጥ 35 በመቶ የሚሆኑት በ12 ወራት ውስጥ አቋርጠዋል። ልጅ ፈልጎ ማቆም መልካም ውጤት ነው። ጠባዩ ሳይነገራት ደንግጣ ያቆመች ሴት ግን ያልተፈለገ እርግዝና ሊደርስባት ይችላል። ስለዚህ «ስንቱ አቋረጠ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን አቋረጠ?» ተብሎም መጠየቅ አለበት።

በአካባቢያችንም ውጤትን ቤት ድረስ ሄዶ የመመዝገብ ልምድ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቋቋመው የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል በግድቡ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት በየጊዜው ይመዘገባል። ሰው ሲሞትም ምክንያቱን ለማወቅ ቤተሰቡ ይጠየቃል። በጤና ተቋም መዝገብ ላይ የሚገኘው የመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ወደ ተቋሙ ያልመጣውን ለማወቅ ወደ ቤቱ መሄድ ያስፈልጋል።

ጥሩ አገልግሎት የሚታወቅባቸው ጥያቄዎች

አንዲት ሴት አገልግሎት ስታገኝ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷት እንደሆነ ለማወቅ በብዙ አገሮች ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ።

1. ከወሰድሽው ሌላ ስላሉት ዘዴዎች ተነግሮሻል?
2. ዘዴው ሊያስከትል ስለሚችለው ችግር ተነግሮሻል?
3. ችግር ሲገጥምሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ተነግሮሻል?

ከእነዚህ ሌላ የሚከተሉት ይታከሉ እንላለን፦

4. ዘዴውን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ?
5. ሉፑን ወይም በክንድሽ የተቀበረውን ማስወጣት ስትፈልጊ ያለ ክርክር ወጣልሽ?
6. ልጅ በፈለጋችሁበት ጊዜ ፀነሳችሁ? ካለፈው ወሊድ በኋላስ ቢያንስ 24 ወራት ቆይታችኋል?

ለምሳሌ የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ይዛባል ወይም ይቀራል። ደሙ በሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሕመም ያመጣል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ ማህፀን ውስጥ የሚጠራቀም ደም የለም። መርፌው ከቆመ በኋላም ለመፀነስ ጊዜ ይወስዳል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወራት ገደማ ነው። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ባልና ሚስት ተረጋግተው ይጠብቃሉ። ያልተነገራቸው ግን «መካን ሆነች» በሚል ትዳራቸው እስከ መናጋት ሊደርስ ይችላል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ጥንዶች ያው «መርፌ የወሰዱ» ናቸው።

ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

ውጤትን ጤና ባለሙያ ብቻውን ሊለካው አይችልም። መልሱ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ስለዚህ፦

• ካርዳችሁን አትጣሉ። የጀመራችሁበትንና የምትመለሱበትን ቀን ያሳያል።
• ያልተስማማችሁ ነገር ካለ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ። መጥታችሁ ንገሩን፤ ሌላ ዘዴ መቀየር ይቻላል።
• ዘዴውን ለማቆም ወይም ለማስወጣት ብትፈልጉ መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ።
• አባወራዎች ከባለቤቶቻችሁ ጋር ብትመጡ መልካም ነው። የጎንዮሽ ችግሩን ሁለታችሁም ከሰማችሁ በቤት ውስጥ ጥርጣሬ አይገባም። ሚስት ብቻዋን መነጋገር ከፈለገች ግን ይከበርላት።
• ስለ አገልግሎቱ ስትጠየቁ ለይሉኝታ «ሁሉም ደህና ነው» አትበሉ። የተሸፈነ ጉድለት አይታረምም።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ስትመጡ ከላይ ያሉትን ስድስት ጥያቄዎች በልባችሁ ይዛችሁ ኑ። «አይደለም» ወይም «አልተነገረኝም» የምትሉት ካለ ከመርፌው ወይም ከእንክብሉ በፊት እርሱን አንሱ። ከዚያ የሚገኘው መልስ ከዓመቱ ድምር ይበልጥ ይጠቅመናል።