ስሱ ሽፋንና ሠርጎ ገቡ እርሾ

በቸሃ እንሰት ፍቀው ቆጮ የሚያዘጋጁ እናቶች ጉድጓዱን አስቀድመው በእንሰት ቅጠል ደራርበው ይሸፍኑታል። ቅጠሉ ስስ ነው፤ ነገር ግን ምግቡን ከአፈሩ የሚለየው እርሱ ብቻ ነው። ከተቀደደ አፈርና ውኃ ይገባል፣ ቆጮውም ይበላሻል። በጉድጓዱ ውስጥ ቆጮውን የሚያብላሉት ደግሞ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው ርእሳችንም አንድ ስስ ሽፋንና አንድ እርሾ ነው።

ፈንገስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ጭርትንና ቋቁቻን ነው። እነዚህ ከቆዳ አያልፉም። ወደ ደም ከሚገቡት ፈንገሶች ዋነኛው ካንዲዳ አልቢካንስ ይባላል። እርሾ ነው፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። እንዳይበዛ የሚገቱት ጎረቤቶቹ ባክቴሪያዎችና ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ብርቱ አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ አንጀት በቀዶ ሕክምና ሲከፈት፣ በደም ሥር የገባ ቱቦ ብዙ ቀን ሲቆይ ወይም ሕፃን ያለ ጊዜው ሲወለድ ግን ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ 19 ስሞች አሉ፤ ካንዲዳ አልቢካንስ ከላይኛው ደረጃ ከተቀመጡት አራቱ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሽፋኑ እንምጣ። ከልብ ከሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ጀምሮ ከፀጉር እስከሚቀጥኑት ድረስ፣ የደም ሥሮቻችን ሁሉ ውስጣቸው በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ተለብጧል። ይህ ልባጥ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ደም ሳይረጋ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ወደ አካል የሚያልፈውንና የማያልፈውንም ይለያል።

እርሾው ደም ውስጥ ሲገባ ክብ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር 200ኛ እጅ ገደማ ስለሆነ ከቀይ የደም ሕዋስ ያንሳል፣ እንደ እርሱም ከደም ጋር ይንሳፈፋል። የሰውነት ሙቀትና የደም ፈሳሽ ሲያገኘው ግን ቅርጹን ይለውጣል፤ ክር ያበቅላል። ይህን ለውጥ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ለምርመራ ይጠቀሙበታል። ጥቂት እርሾ ሴረም በተባለው የደም ፈሳሽ ውስጥ ጨምረው በ37 ዲግሪ ሙቀት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያቆዩትና በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ቡቃያ የመሰለ ክር ካበቀለ ካንዲዳ አልቢካንስ ሳይሆን አይቀርም። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ የሚደነቅ ምርመራ ነው፤ በሕመምተኛው ደም ሥር ውስጥ የሚሆነውንም በመስታወት ላይ ያሳያል።

የክሩ ገጽ አልስ-3 የሚባል ፕሮቲን ይሸከማል። የኢንዶቴሊየም ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያዙበት ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን አላቸው። አልስ-3 በቅርጹ ካድሄሪንን ስለሚመስል ከእርሱ ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱም እንደ ወዳጅ ተቀብሎ ክሩን ወደ ውስጡ ይውጠዋል። ፈንገሱ በሩን የሚሰብር ይመስለን ነበር፤ ለካስ በሩን የሚከፍትለት ባለቤቱ ራሱ ነው። በካሊፎርኒያ የተመራማሪው የስኮት ፊለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን በሙከራ አሳይቷል፦ ሕዋሱ እንዳይውጥ በመድኃኒት ሲከለከል ከጉዳቱ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ይኸው ቡድን በደማችን ውስጥ ያሉ ቪትሮኔክቲንና ካይኒኖጅን የተባሉ ፕሮቲኖች በሌሎች የካንዲዳ ዝርያዎችና በሕዋሱ መካከል እንደ ድልድይ እንደሚያገለግሉ አገኘ። ድልድዩ በሰው ሕዋሳት ላይ ይሠራል፣ በአይጥ ሕዋሳት ላይ ግን እምብዛም አይሠራም። በአይጥ ብቻ የተሞከረ መድኃኒት ለምን በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ክሩ መርዝም ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘው ካንዲዳላይሲን ከ31 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ነው፤ የሕዋስን ሽፋን ይበሳል። ልባጡ ሲጎዳ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ይገለጣል፤ እዚያ ላይ ደም ይረጋል፣ ፈንገሱም ይጣበቃል። ከዚያ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ ዓይን ያልፋል። ሕክምና እያገኙም ቢሆን ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞታል።

ሁሉም ፈንገስ በአንድ በር አይገባም። ስኳር በሽታ ያለባቸውን የሚያጠቃው የሙኮር ወገን ጂአርፒ-78 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይይዛል፤ ይህ ፕሮቲን በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ይጨምራል።

የካንዲዳ ምርመራ አስቸጋሪ ነው፤ የደም ናሙና ማሳደግ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። በሽታው ከተገኘ ሐኪሞች ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይጀምራሉ፣ የሚቻል ከሆነ በደም ሥር የገባውን ቱቦ ያወጣሉ፣ የሕመምተኛውንም ዓይን ይመረምራሉ። ብሌኑን በጠብታ አስፍተው በብርሃን ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ሬቲና ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካዩ ፈንገሱ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ቆዳ ሳይቀደድ የሰውን ቀጫጭን የደም ሥሮች በቀጥታ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱም እዚያ ነው።