የብስክሌት መንኰራኵር በሽቦ ስለሚዋቀርበትና ስለሚቃናበት ሙያ

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው የከተማዋን ብስክሌቶች ሳያውቅ አይቀርም። በጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋው መሬት ሜዳ በመሆኑ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ወደየጉዳዩ የሚመላለሰው ለብዙ ዘመን በብስክሌት ነበር፤ ባጃጅ ከበዛ ወዲህም ብስክሌቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ብስክሌት ባለበት ሁሉ ደግሞ በመንገድ ዳር፣ በዛፍ ጥላ ወይም በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጦ የሚጠግን ባለሙያ አለ። ስለ ሸማኔው፣ ስለ አንጥረኛውና ስለ ሸክላ ሠሪዋ ሥራ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሰው ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይህም የሆነው ምናልባት ዕቃው ከውጭ አገር የመጣ ስለ ሆነ ሙያውንም እንደ ባዕድ ስለምንቈጥረው ይሆናል። ብረቱ የውጭ አገር ይሁን እንጂ እጁና ጆሮው የዚህ አገር ነውና፣ አሳቡ የተሳሳተ ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሙያው አንዱን ክፍል ብቻ፣ ይኸውም ባዶውን ቸርኬ ከእምብርቱ ጋራ በሽቦ አያይዞ ቀጥ ያለ መንኰራኵር የማድረጉን ሥራ መግለጽ ነው። እኔ ሥራውን የተማርኹት በዚያው ከተማ ከአንድ አረጋዊ ጠጋኝ ዘንድ ለሁለት ክረምት በረዳትነት ተቀምጬ ነው። አስቀድሜ ጥቂት መጻሕፍት አንብቤ ስለ ነበር ሥራው የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልናገር። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን፣ ግራሶ የሚባሉት ሁሉ ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ካቴና የሚለው ቃል ለብቻው ያስገርማል፤ በጣልያንኛ ማናቸውንም ሰንሰለት የሚያመለክት ሲሆን፣ በእኛ ከተሞች ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ፖሊስ በተያዘ ሰው እጅ ላይ በሚያስገባው ብረት ነው። ጣልያኖች የመንኰራኵሩን ሽቦና የብርሃንን ጨረር በአንድ ቃል ይጠሯቸዋል፤ በሆስፒታል ራጅ የምንለውም ከዚያው ቃል የመጣ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሽቦ እላለሁ። ሽቦዎቹ የሚነሡበትን የመካከሉን ክፍል መምህሬ እምብርት ይሉት ስለ ነበር በዚያው ስም እጠራዋለሁ። የሽቦውን ጫፍ በቸርኬው በኩል የሚይዘውን፣ ውስጡ ጥርስ ያለውን ቀጭን ናስ ደግሞ ዳዶ ብዬዋለሁ።

የሽቦ መንኰራኵር አሳብ ከእንጨቱ መንኰራኵር አሳብ ፈጽሞ የተለየ ነው። በሠረገላ መንኰራኵር ሸክሙን የሚሸከሙት ወፋፍራም የእንጨት ዘንጎች ናቸው፤ ሲጫኗቸው ይገፋሉ። ሽቦ ግን ቢገፉት ይጎብጣል፤ ኀይሉ በመወጠር ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ይህን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1808 በማስታወሻው ጽፎታል። በ1869 በፓሪስ ኤዥን ሜየር ለሽቦ መንኰራኵር የፈጠራ መብት አገኘ። በ1874 ደግሞ በኮቨንትሪ ከተማ ጄምስ ስታርሊ ሽቦዎቹ ከእምብርቱ ቀጥ ብለው መውጣታቸው ቀርቶ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብለው እየተሻገሩ እንዲሄዱ አደረገ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰንሰለቱ የኋላውን እምብርት በኀይል ይጠመዝዘዋል፤ ሽቦው ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ይህን መጠምዘዝ ለቸርኬው ለማድረስ አይመቸውም፤ ዘንበል ያለው ግን ቸርኬውን እንደ ገመድ ይጎትተዋል። ዛሬ በባሕር ዳር ጎዳና የሚታየው መንኰራኵር በመሠረቱ የስታርሊ መንኰራኵር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው 36 ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ነው። እምብርቱ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ 18 ቀዳዳ አለ። ልብ ብሎ ያየ ሰው የቸርኬው ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ እንዳልሆኑ ይረዳል፤ አንዱ ጥቂት ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የሁለቱ ክንፎች ቀዳዳዎችም ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የአንዱ ቀዳዳ በሌላው ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ይውላል። ጀማሪ ይህን ሁለት ነገር ሳያስተውል ቢጀምር ግማሽ ቀን ደክሞ ሁሉን መፍታቱ አይቀርም። እኔ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ።

በመጀመሪያ ዘጠኝ ሽቦ በቀኙ ክንፍ አንድ ቀዳዳ እየዘለሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገቧል። የመጀመሪያው ሽቦ ከንፋስ መሙያው ቀዳዳ አጠገብ ካለው የቀኝ ቀዳዳ ይታሰራል፤ የቀሩት ስምንቱ በየአራተኛው ቀዳዳ ይከተሉታል። ቀጥሎም ቸርኬው ይገለበጥና ከግራው ክንፍ ሌላ ዘጠኝ ሽቦ ከፊተኞቹ ጎን ለጎን ይሰካል። እስከዚህ ድረስ ሕፃንም ቢሆን ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ እምብርቱ በእጅ ይጠመዘዛል፤ አሥራ ስምንቱም ሽቦ በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። የቀሩት አሥራ ስምንቱ አሁን ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥተው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ከራሱ ክንፍ የወጡትን ሦስት ሽቦዎች ይሻገራል፤ ሁለቱን በላያቸው ያልፋቸዋል፤ ሦስተኛውን ግን ከሥሩ ይሾልከዋል። መምህሬ ይህን ሲያስተምሩ ቃል አይናገሩም፤ አንዱን ሽቦ ቀስ ብለው ያሾልኩና ቀጣዩን በእጄ ላይ ያኖራሉ። መሶብ የምትሰፋ እናት ልጇን የምታስተምረው እንደዚሁ ነው።

በመጨረሻ የንፋስ መሙያው ቀዳዳ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች መካከል መዋል አለበት። በሚሻገሩ ሽቦዎች መካከል ከዋለ መንኰራኵሩ ይሄዳል፤ ግን ፖምፓው አይገባም። ብስክሌተኛው ይህን የሚያውቀው ጎማው በተነፈሰበት ቀን ነው።

ሽቦው ሁሉ ከገባ በኋላ ዳዶዎቹ የሽቦው ጥርስ እስኪሸፈን በእኩል ይጠበቃሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ግማሽ ዙር እየጨመሩ መዞር ነው። የሽቦው ጥርስ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሽቦውን የሚያሳጥረው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው፤ ሩብ ዙር ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ችኵል ሰው በአንድ የቁልፍ ምት ምን ያህል እንደሚያጠፋ መገመት ይቻላል። ጀማሪን ከሁሉ የሚያሳስተው ግን አቅጣጫው ነው። ዳዶውን ከጎማው በኩል ቢያዩት ሲጠብቅ እንደ ሰዓት ይዞራል፤ ከእምብርቱ በኩል ሲያዩት ግን የተገላቢጦሽ ነው። እጅ እስኪለምደው ድረስ አእምሮ አያድንም።

ለማቃናት በፋብሪካ የተሠራ ማቆሚያ አለ፤ በመንገድ ዳር ያሉት ጠጋኞች ግን ብስክሌቱን ይገለብጡና በሹካው ላይ ጠመኔ ይዘው መንኰራኵሩን ያዞሩታል። ቸርኬው ወደ ጎን በሚወጣበት ስፍራ ጠመኔው ምልክት ያደርጋል። ቸርኬው ወደ ቀኝ ከወጣ በዚያ ስፍራ የግራው ሽቦ ይጠብቃል፣ የቀኙ ይላላል። ወደ ውጭ ካበጠ ሁለቱም በእኩል ይጠብቃሉ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሁለቱም ይላላሉ። አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጎኑን ሲያቃኑ ክቡ ይበላሻል፣ ክቡን ሲያስተካክሉ ጎኑ ይመለሳል። ስለዚህ ጥቂት ከዚህ፣ ጥቂት ከዚያ እያሉ መመላለስ ነው። በኋለኛው መንኰራኵር ሌላ ችግር ይጨመራል። በቀኝ በኩል የሰንሰለቱ ጥርስ ቦታ ስለ ያዘ የቀኙ ክንፍ ወደ መካከል ይጠጋል፤ ቸርኬው ግን በክንፎቹ ሳይሆን በብስክሌቱ መካከል መዋል አለበት። በዚህም ምክንያት የቀኙ ሽቦ ከግራው ይልቅ እጅግ ይወጠራል።

መምህሬ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን ትተው በጆሯቸው ይሠራሉ። ሽቦዎቹን በጥፍራቸው እንደ ክራር እየመቱ ይሰማሉ፤ በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ አንድ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። አንዱ ከቀሩት ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ቸርኬው ለጊዜው ቀጥ ብሎ ቢታይም አይታመኑትም። «ዓይን ዛሬን ያያል፤ ጆሮ ነገን ይሰማል፤» ይሉኝ ነበር። እኔም ድምፁን ለመለየት አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ በመጽሐፍ ያነበብኹት በዚህ ረገድ ምንም አልረዳኝም።

በሌላ ነገር ግን መጽሐፉ ረድቶናል። መምህሬ እንደ ብዙዎቹ ጠጋኞች እምብርቱ በላይኛዎቹ ሽቦዎች ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ብስክሌት መንኰራኵር ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ተቃራኒ ተናግሯል፤ መንኰራኵሩ የሚቆመው በታችኛዎቹ ሽቦዎች ላይ ነው ይላል። ሽቦ ሊገፋ የማይችል ሲሆን እንዴት ሊቆሙበት ይቻላል? ስንከራከር ሰንብተን በመጨረሻ ነገሩን ፈተንነው። ከደንበኞቻቸው አንድ ወፍራም ሰው በብስክሌቱ ላይ እንዲቀመጡ ለመንናቸው፤ መምህሬም ከመቀመጣቸው በፊትና በኋላ ሽቦዎቹን መቱ። ከመሬት አጠገብ ያሉት የሁለቱ ወይም የሦስቱ ሽቦዎች ድምፅ ወዲያው ዝቅ አለ። የላይኛዎቹ ድምፅ እንደ ነበረ ቀረ፤ ያ የክራር ጆሮ እንኳ ልዩነት አላገኘባቸውም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ታዲያ የላይኛው ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልሱም እንዲህ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ቸርኬውን ወጥረው ይይዙታል፤ ሸክም ሲመጣ ግን የሚለወጠው በአብዛኛው የታችኛው ነው። ለምሳሌ በ100 ኪሎ የተወጠረ ሽቦ ሸክሙ 40 ኪሎ ቢቀንስለት ገና 60 ይቀረዋል። የተወጠረው በ30 ኪሎ ብቻ ቢሆን ግን ፈጽሞ ይላላል። ከዚህ የሚከተለው ለጠጋኙ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች ሽቦ የሚበጠሰው ስለ ጠበቀ ይመስላቸዋልና ላላ አድርገው ይተዉታል። በእውነቱ ግን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በአንድ ጊዜ ጭነት አይደለም፤ እየላላና እየተወጠረ፣ በክንፉ አጠገብ ካለው ክርን ላይ በድካም ይሰበራል። ትልቁ መንኰራኵር በአንድ ኪሎ ሜትር 450 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእያንዳንዱም ዙር እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ጊዜ ከታች ይውላል። የላላው ሽቦ ዳዶ ደግሞ በጉዞ ላይ በራሱ ይፈታል።

ይህን የተረዳኹት ግን በሌላ ሰው ኪሳራ ነበር። በፊተኛው ክረምት መጨረሻ፣ ማለት ከዚህ ፈተና በፊት፣ ዳቦ እያመላለሰ የሚያድር አንድ ሰው የኋላ መንኰራኵሩን አምጥቶ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ቸርኬው እንደ መስመር ቀጥ አለ፤ እኔም ተደሰትኹ። ሽቦዎቹን ግን «እንዳይበጠሱ» ብዬ ላላ አድርጌያቸው ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሽቦ በአንድ ንጋት ተበጥሶ ቸርኬው ሹካውን እየፋቀ አልሄድም አለ፤ ዳቦው ሳይደርስ ረፈደ፤ ሰውዬው የዚያን ቀን ገቢውን አጣ። ብስክሌቱን ተሸክሞ መጥቶ በፊቴ አኖረው እንጂ አንድ ቃል አልተናገረኝም። መምህሬ የሽቦዎቹን ዋጋ ከእኔ ተቀበሉ፤ ሥራውንም እንደ ገና እኔው እንድሠራው አዘዙኝ።

ሁለተኛውን ጊዜ ያደረግኹት ይህን ነው። የሽቦዎቹን ጥርስ ዘይት ቀባኹ፤ ደረቅ ዳዶ ሽቦውን አብሮ ይጠመዝዘዋልና። በእያንዳንዱ ማጥበቅ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፌ ወደ ኋላ መለስኹ፤ በዚህ ሽቦው ከመጠምዘዙ ይፈታል። ድምፁ በመምህሬ ግምት እስኪበቃ ድረስ አጠበቅኹ። ከዚያም ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በመዳፌ ጨብጬ በኀይል አጣበቅኋቸው፤ ሽቦው በክንፉና በመሻገሪያው ላይ ስፍራውን የሚይዘው እንደዚህ ሲደረግ ነው። አንዳንዶቹ ሲጨበጡ ጠጠር እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ሰጡ፤ ቸርኬውም ጥቂት ዞረ። እንደ ገና አቃናኹት፤ እንደ ገና ጨበጥኹ፤ በሦስተኛው ጊዜ ምንም አልሰማኹም።

ዳቦ አመላላሹ በሳምንቱ እንዲመለስ ተነግሮት ነበርና መጣ። አራት ዳዶ ሩብ ሩብ ዙር ተጨመረላቸው፤ ገንዘብ አልተጠየቀም። መምህሬ ጎንበስ ብለው ሽቦዎቹን ዙሪያውን አንድ ጊዜ መቱና፣ «ሂድ» አሉት።