በነፃ የሚሠራን ሰው ማን ይስማው?

እስቲ ልጠይቃችሁ... ደሞዝ የሌለው ሥራ፣ ከ300 በላይ ቋንቋ የሚነገርበት ስብሰባ ታውቃላችሁ? አንድ ወዳጄ ማታ ማታ አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ይጽፋል። ፍቅረኛው «ሳንቲም ለማያስገኝ ነገር እኔን ረሳኸኝ» ብላ ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር።

እሱን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። በ2017 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የዊኪፔዲያ በጎ ፈቃደኞች እስከ 2030 የሚያስኬዳቸውን አቅጣጫ ተመካክረው አወጡ። አንዱ ዓላማ እስከዛሬ የተገፉ ሕዝቦችን እውቀት ማስገባት ነው። ደስ አይልም? በ2020 ደግሞ 10 ምክረ ሐሳቦች ተከተሉ። «ታዲያ ምን ያደርጋል» ይላል ወዳጄ፤ «ረቂቁ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እኔ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ሌላው ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ጨርሷል!»

እውነቱን ነው። አብሮ ማቀድ ማለት መጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም መስጠት ነው። መስማማትም ብቻውን አይበቃም። ዓመታት የተለፋበት የእንቅስቃሴው ቻርተር በ2024 ለድምፅ ሲቀርብ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ ደግፎት ነበር። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ቦርድ አላጸድቅም አለ፤ ወደቀ። ወዳጄ ያን ሰሞን ኮምፒዩተሩን አልከፈተም።

እኔም «ሐሳብህን በአማርኛ ጻፈው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይመልስልህ» አልኩት። ለካስ የልጅቷ እንግሊዝኛ ከሱ ይሻላል! አሁን ማታ ማታ አብረው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ቃል አኮራረፈቻቸው፤ እሱ «እኩልነት» ይላል፣ እሷ «ፍትሐዊነት»... እስካሁን አልታረቁም።