ዳብፕሌት፦ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለንደን ውስጥ ጃንግል የሚባለውን ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ የሚሠራ ወጣት፣ ሐሙስ የጨረሰው ሥራ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት እንዲሰማለት ቢፈልግ የሸክላ ፋብሪካ አይደርስለትም። ፋብሪካው ናሙናውን በኒኬል ለብጦ ማተሚያ ቅርጽ ያወጣል፣ የሙከራ ቅጂ ይልካል፣ ከዚያ ተራ ያስጠብቃል። ሳምንታት ያልፋሉ። ዲጄው ደግሞ የሚያጫውተው ሸክላ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ቴፑን ይዞ ሰሜን ለንደን ወደሚገኘው ሚውዚክ ሃውስ ይሄድና ወረፋ ጠብቆ አንዲት ቅጂ አስቀርጾ ይወጣል። ዳብፕሌት የሚሏት ይህችን ቅጂ ነው።

ሲያዩዋት ተራ ሸክላ ትመስላለች፤ ሲያነሷት ግን ትከብዳለች። ውስጧ አሉሚኒየም ነው፤ በላዩ ላይ ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ለስላሳ ቅብ አለ። የመቅረጫ ማሽኑ የጋለ መርፌ ቅቡን እየፋቀ የድምፁን ቦይ ከዳር ወደ መሐል ይቆፍራል። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ከሆነ ቀረጻውም ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። መደብር የሚሸጠው ሸክላ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ለዓመታት ያገለግላል፤ ዳብፕሌት ግን የማጫወቻው መርፌ ባለፈባት ቁጥር ትበላለች። መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ቀስ በቀስ ሹክሹክታና ጩኸት ይተካዋል።

ልማዱ የመጣው ከጃማይካ ነው። በኪንግስተን ግዙፍ ድምፅ ማጉያ እየተከሉ ጭፈራ የሚያዘጋጁት እነ ዲዩክ ሪድና ኮክሰን ዶድ፣ ተፎካካሪያቸው እጅ የሌለ ዘፈን ለማጫወት የማይሆኑት አልነበረም፤ ለራሳቸው ብቻ ያስቀርጹ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሩዲ ሬድዉድ የተባለ የስፓኒሽ ታውን ሰው በዲዩክ ሪድ ስቱዲዮ ሲያስቀርጽ፣ ባለሙያው የዘፋኞቹን ድምፅ ሳያስገባ ቀረ ይባላል። ሬድዉድ አልተቆጣም። ማታ በመጀመሪያ ድምፅ ያለበትን፣ ቀጥሎ ባዶውን ሲያጫውት ታዳሚው ራሱ ዘፈነበት። ዳብ የተባለው የሙዚቃ ስልት የበቀለው ከእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ ነው።

ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ቢውልም ብዙ ዲጄዎች ለረጅም ጊዜ አልፈለጉትም። ቅሬታቸው ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ሸክላን በጣታቸው ያቆሙታል፣ ይገፉታል፣ ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ሲዲ ግን ማጫወቻው ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። በ2001 ፓዮኒር ሲዲጄ-1000 የተባለውን ማጫወቻ ሲያወጣ ችግሩ ተቃለለ፤ በላዩ ያለውን ሰፊ መሽከርከሪያ በእጅ ሲያዙት ሙዚቃው ይታዘዛል። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር በደቂቃዎች የተቀዳ ሲዲ፣ የዳብፕሌትን ሥራ በጥቂት ሳንቲም ይሠራ ጀመር። እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ስለተጫወተ ብቻም አይበላም። ሲዲን የሚንቅ ካለ የእኛን ሙዚቃ ያስታውስ፦ አምሃ እሸቴና መሰሎቹ በሸክላ ያሳተሟቸው ሥራዎች ወደ ብዙ የውጭ ዲጄዎች ጆሮ የገቡት፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ነው።

ታዲያ ደብስቴፕ የተባለውን በቤዝ የከበደ የዳንስ ሙዚቃ የሚሠሩት ሰዎች ሲዲጄ በየጭፈራ ቤቱ ተተክሎ ሳለ ለምን ዳብፕሌት አልተዉም? በ2005 ብሪክስተን ውስጥ ዲኤምዜድ የተባለውን ምሽት የጀመሩት እነ ማላ ገና ያልወጡ ሥራዎቻቸውን ደቡብ ለንደን በሚገኘው ትራንዚሽን እያስቀረጹ ያጫውቱ ነበር። አንዱ ምክንያት ሸክላ ሙዚቃን ስለሚፈትን ይመስለኛል። በግራና በቀኝ የተጣረሰ ወፍራም ቤዝ ካለ መርፌው ይዘላል፤ ቀራጩም ጉድለቱን እዚያው ይናገራል። ሲዲ ሁሉንም ዝም ብሎ ይቀበላል። ሁለተኛው ምክንያት ዋጋው ነው። ዳብፕሌት ውድ ስለሆነ ሰው አሥር ሥራ ሠርቶ አንዱን ብቻ ያስቀርጻል፤ ሲዲ ርካሽ ሲሆን ግን አሥሩም ይላካሉ፣ የዲጄውም ቦርሳ ማንም በማያዳምጠው ክምር ይሞላል። ለእኔ ይህ ከድምፅ ጥራት ክርክር ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

ዛሬ ምርጫው ቀላል አይደለም። የመቅረጫ ባዶ ሸክላ ያመርቱ ከነበሩት ሁለት የዓለም ፋብሪካዎች አንዱ፣ የካሊፎርኒያው አፖሎ፣ በየካቲት 2020 ተቃጥሎ የጃፓኑ ብቻ ቀረ። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት የወጣው ሲዲጄ-3000 የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለውም።

ስለዚህ አዲስ ሙዚቃ ለዲጄ የሚሰጡ ከሆነ በምን እንደሚያጫውት አስቀድመው ይጠይቁ። ለማያውቁት ሰው ሸክላ አያስቀርጹ፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ሸክላ እንደሚያጫውትና ሥራዎን እንደወደደው ለሚያውቁት ዲጄ ግን አንዲት ዳብፕሌት ከሃምሳ ሲዲ ትበልጣለች። ሲዲ ከሰጡም ሦስት ዘፈን ይበቃል። ስምዎንና ስልክዎን በሽፋኑ ብቻ ሳይሆን በራሱ በሲዲው ላይ በማርከር ይጻፉ፤ ወረቀት ግን አይለጥፉበት፣ ማጫወቻው ውስጥ ተላጦ ይቀረቅራል።